በማስታወቂያ ያየነውን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዴት እንምረጥ፣ እንዴትስ እናሟሽ?

በዓል ሲቃረብ በቴሌቪዥን፣ በቴሌግራም ቻናሎችና በየሱቁ በር ላይ የምጣድ ማስታወቂያ ይበዛል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛሁት እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይቼ ነበር። በማስታወቂያው ላይ አንዲት ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ዓይኑ ጥቅጥቅ ያለ እንጀራ በሰፌድ ስታወጣ ትታያለች፤ ከሥሩም ምጣዱ የመብራት ወጪን በግማሽ እንደሚቀንስ ተጽፎ ነበር። ምጣዱ ቤት ገብቶ ሲሞከር ግን ዳሩ እያረረ መሀሉ ሊጥ ሊጥ ይል ጀመር፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ እንዳለ ቀለጠ። ለሻጩ ስደውል ችግሩ የቤታችሁ መብራት ነው ከሚል መልስ በቀር ያገኘሁት ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው እናቴንና በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያን እየጠየቅሁ፣ ቆጣሪም እያነበብሁ ነገሩን መማር የጀመርሁት። እንጀራ በየቤቱ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ የሚጋገር ነገር ስለሆነ፣ ምጣድ ያለ በቂ ጥያቄ መግዛት የቤተሰብን ገንዘብ፣ የጋጋሪዋን ጉልበት፣ አንዳንዴም ሕይወትን የሚነካ ጉዳይ እንደሆነ በጽኑ አምናለሁ። ማስታወቂያው የሚያሳየን እንጀራ ነው፤ እኛ የምንገዛው ግን ሸክላ፣ ሽቦና ዋት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ማስታወቂያውን ማንበብ

የምጣድ ማስታወቂያ ስናይ በቅድሚያ የምጣዱን ሥራ ከሊጡ ሥራ መለየት ያስፈልጋል። በሥዕሉ ላይ ዓይናችንን የሚስበው የእንጀራ ዓይን በአብዛኛው የሊጡ ውጤት ነው። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ በውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፤ አብሲት ተጥሎበት እንደገና ኩፍ ካለ በኋላ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ፣ ያ ጋዝና ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ላይ እየፈነዱ ሲወጡ ዓይኑን ይከፍቱታል። የምጣዱ ድርሻ ሙቀቱን ከዳር እስከ መሀል እኩል አድርጎ ማድረስና ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበት ሙቀቱን ቶሎ አለመጣል ነው። በመሆኑም የሚያምር እንጀራ የሚያሳይ ሥዕል ስለ ጋጋሪዋ ሙያ የሚመሰክረውን ያህል ስለ ምጣዱ አይመሰክርም። ማስታወቂያው ቪዲዮ ከሆነ ማየት ያለብን ሊጡ መፍሰስ ከጀመረበት ቅጽበት አንሥቶ እንጀራው እስኪወጣ ድረስ ሳይቆረጥ የተቀረጸ መሆኑን ነው። ሊጡ ሲፈስ ታይቶ ወዲያው የበሰለ እንጀራ ከመጣ፣ በመካከል ያለፈው ሦስት ደቂቃ ይሁን ስምንት ደቂቃ ማወቅ አይቻልም፤ ለምጣድ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «መብራት ይቆጥባል» የሚለው ቃል ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። የምጣድ ማሞቂያ ሽቦ የተቀበለውን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ይህም በርካሹም በውዱም ምጣድ ላይ ተመሳሳይ ነው። ልዩነት የሚፈጠረው ያ ሙቀት ወዴት ይሄዳል በሚለው ላይ ነው። ከሽቦው ሥር ሙቀት የሚከለክል ነገር በደንብ ካልተነጠፈ ሙቀቱ ወደ ታች፣ ወደ ላሜራውና ወደ ወለሉ ይባክናል። ሸክላው ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆነ ለመጋል ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ እጅግ ስስ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ቢግልም ሊጥ ሲያርፍበት ቶሎ ይበርዳል፤ የመሰንጠቅ አደጋውም ከፍ ይላል። ክዳኑ በትክክል የማይገጥም ከሆነ እንፋሎቱ ከሙቀቱ ጋር ይወጣል። የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ምጣድ የሚፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ በራሱ ስለሚያጠፋና ስለሚያበራ ጋጋሪዋ ሊጥ በምትቀዳበት ጊዜ ሽቦው በከንቱ አይነድም። ስለዚህ ይቆጥባል ለሚል ሻጭ የሚቀርበው ጥያቄ ከእነዚህ በየትኛው ነው የሚቆጥበው፣ ከምንስ ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚል መሆን አለበት። ምጣዱን በሚገባ የሚያውቅ ሻጭ ይህን በሁለት ዐረፍተ ነገር ይመልሳል።

አነስተኛ ዋት ያለው ምጣድ በራሱ ቆጣቢ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። አንድ 3,500 ዋት ያለው ምጣድ አንዱን እንጀራ በ3 ደቂቃ ቢጋግር የሚፈጀው 175 ዋት ሰዓት (ዋቱ በሰዓት ሲባዛ የሚገኘው የፍጆታ መለኪያ) ነው። ሌላው 2,000 ዋት ያለው ምጣድ ለዚያው እንጀራ 5 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ከወሰደበት የሚፈጀው ኃይል ልክ ያንኑ 175 ዋት ሰዓት ይሆናል። በዚያ ላይ ጋጋሪዋ ቆማ የምታሳልፈው ጊዜ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ቀስ ብሎ የበሰለ እንጀራም ውሃው ተንኖ ስለሚያልቅ ይደርቃል፤ በማግስቱ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል።

ዋስትናን በተመለከተ ማስታወቂያው የሚጽፈው ዓመቱን ብቻ ነው። ዋስትናው የሚሸፍነው ሸክላውን ነው ወይስ ሽቦውን፣ በማጓጓዝ ጊዜ ለሚደርስ ስንጥቅ ኃላፊው ማን ነው፣ ጥገናው ቤት ድረስ መጥቶ ነው ወይስ ምጣዱ ተሸክሞ ሄዶ ነው የሚሉት በጽሑፍ ካልሰፈሩ ዋስትና አለ ለማለት ያስቸግራል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጓል። ይህን መብት ለመጠቀም ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። እኔ ያለ ደረሰኝ ዋጋው ይቀንስልሃል ተብዬ ተስማምቼ ነበር፤ በመጨረሻ የምከራከርበት ወረቀት በእጄ ያልነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። ማስታወቂያውንም በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ የቴሌግራም ማስታወቂያ በማግስቱ ሊጠፋ ወይም ሊታረም ይችላልና።

ቅናሹ እስከ እሑድ ብቻ ነው ስለሚለው ነገር ብዙ አልልም። መርካቶ ሄዶ ሦስት ሱቅ ጠይቆ መመለስ የሚወስደው ግማሽ ቀን ነው፤ ምጣዱ ግን ለዓመታት ያገለግላል።

የቤቱን መስመር ማወቅ

ምጣድ ከመምረጥ በፊት ቤታችን ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ማወቅ አለብን፤ ይህን ማንም ማስታወቂያ አይነግረንም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከምጣዱ ጀርባ የተጻፈው ዋት በቮልት ሲካፈል ምጣዱ የሚስበው አምፒር ይገኛል። በአገራችን መስመሩ 220 ቮልት ስለሆነ 3,500 ዋት ያለው ምጣድ ወደ 16 አምፒር ይስባል ማለት ነው። ይህ ተራ የግድግዳ ሶኬት ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው መጠን ሲሆን፣ ምጣዱ ደግሞ እንደ ካውያ ለአምስት ደቂቃ ሳይሆን ሳይቋረጥ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሠራ ዕቃ ነው። በየሱቁ የሚሸጡት አብዛኞቹ ቀጫጭን ማከፋፈያዎች 10 አምፒር፣ ማለትም 2,200 ዋት ብቻ የሚችሉ ናቸው፤ ምጣድን በእነሱ ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው። ስፒናችን የቀለጠው በዚሁ ምክንያት እንደነበር ባለሙያው ሶኬቱን ፈትተው ውስጡ የጠቆረውን መዳብ ሲያሳዩኝ ገባኝ።

ትክክለኛው መንገድ ለምጣዱ ብቻ የሚያገለግል መስመር ከብሬከር ሳጥኑ ቀጥታ መዘርጋት ነው። ለእኛ ቤት የተዘረጋው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ሲሆን የራሱ ብሬከርም አለው። ለምጣዱ ከሚያስፈልገው ያነሰ ስፋት ያለው ገመድ በጋገርን ቁጥር ይሞቃል፤ የሞቀ ገመድ ሽፋኑ ቀስ በቀስ ይደርቅና ይሰነጠቃል። መስመሩ ሲዘረጋ ቢጫና አረንጓዴ የሆነው የመሬት ገመድ በእርግጥ ከመሬት ጋር መያያዙ መለካት አለበት። የምጣድ አካል ላሜራ ነው፤ ጋጋሪዋ እጇ እርጥብ ነው፤ ሊጥም ሊደፋ ይችላል። ምጣዱ ሲነካ ጥቂት እንኳ የሚነዝር ከሆነ፣ ጫማ አድርጎ መጋገር እንደ መፍትሔ መወሰድ የለበትም። ወዲያው ነቅሎ ማስጠገን ነው።

ብዙ ሰው ምጣዱ ተበላሸ ብሎ የሚያማርርበት አንድ ችግር ደግሞ በእርግጥ የመስመሩ ነው። ማሞቂያ ሽቦ የሚሰጠው ኃይል ከቮልቱ ስኩዌር (ቮልቱ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር) ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ መቀነሱ ከአምስት አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ይመስላል፤ ኃይሉ ግን ወደ 67 በመቶ ይወርድና 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ 2,340 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ እራት ሲሠራ የሚጋገር እንጀራ ዓይን የሚያጣው፣ ጠዋት ላይ ግን በዚያው ምጣድና በዚያው ሊጥ አምሮ የሚወጣው ለዚህ ነው። እናቴ ስለ ቮልት ምንም ሳትጠይቅ ሁልጊዜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምራ የምትጋግረው ከልምድ ይህንኑ ስላወቀች ነበር። ስለዚህ ምጣዱን ከመውቀስ በፊት በቴስተር ምጣዱ እየሠራ ሳለ ቮልቱን ማስለካት ተገቢ ነው።

ሱቅ ውስጥ

«ልጄ፣ ምጣድ በዓይን አይገዛም፤ ሊጥሽን ይዘሽ ሂጂ» ትላት ነበር እናቴ ለእህቴ። ሁለተኛውን ምጣድ ስንገዛ እህቴ በዕቃ ሁለት ሊትር የሚሆን አብሲት የተጣለበት ሊጥ ይዛ ሄደች። ሻጩ መጀመሪያ ቢገረሙም ምጣዱን ሰክተው አስሞከሩን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛቸው ነን። ሊጥ ይዞ መሄድ ለማይመቸው ደግሞ ጥቂት ዱቄት በቂ ነው። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ስስ አድርጎ ዱቄት ከዳር እስከ ዳር ነስንሶ ቀለሙን መመልከት ነው። ዱቄቱ በሁሉም ቦታ በእኩል ከጠቆረ ሽቦው በትክክል ተዘርግቷል፤ በአንድ በኩል ጠቁሮ በሌላ በኩል ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን የሽቦው ቦይ አጠማዘዙ ትክክል አይደለምና የእንጀራችንም ዕጣ ያው ነው። የመጀመሪያ ምጣዳችንን እንዲህ ብንሞክረው ኖሮ ከሱቁ ይዘነው አንወጣም ነበር።

ሸክላውን ሳይሰካ በጣት አንኳኩቶ መስማትም ያስፈልጋል። ደኅና ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስንጥቅ ያለበት ግን፣ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይ እንኳ፣ የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ቀጥ ያለ እንጨት ወይም ማስመሪያ በምጣዱ ላይ አጋድሞ ማየት ጎድጓዳነቱን ያሳያል፤ መሀሉ የጎደጎደ ምጣድ ሊጥ ወደ መሀል ስለሚያከማች እንጀራው ወፍራም እንብርት ይዞ ይወጣል። የተለመደው የምጣድ ስፋት ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቤት ያለውን መሶብና ሰፌድ ለክቶ መሄድ ይገባል። ከሁሉም በላይ ከጀርባው ላይ ዋትና ቮልት በግልጽ የተጻፈበት ምጣድ መምረጥ ያሻል፤ ይህ ቁጥር የሌለው ምጣድ ምንም ያህል ቢያምር ለየትኛው ገመድና ብሬከር እንደሚሆን ማወቅ አይቻልም።

ማሟሸት

አዲስ ምጣድ ያለ ትዕግሥት ቢጋገርበት እንጀራው ይይዛል፤ የያዘ እንጀራ በቢላ ሲፋቅ ደግሞ የምጣዱ ፊት ይጎዳና ችግሩ የማይለቅ ይሆናል። ብዙ ጥሩ ምጣዶች የሚበላሹት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ማሟሸት ሁለት ቀን ቢወስድ የሚቆጭ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ምጣዱ በደረቅ ጨርቅ አቧራው ይጠረግና ያለ ምንም ነገር ይሞቃል። ሸክላው በውስጡ እርጥበት ሊኖረው ስለሚችል በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው እንዲግል ማድረግ አደገኛ ነው፤ እርጥበቱ በድንገት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ለአምስት ደቂቃ አብርቶ ለአሥር ደቂቃ ማጥፋት፣ ቀጥሎ ለአሥር ደቂቃ አብርቶ እንደገና ማጥፋት፣ እንዲህ እያሉ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ይበቃል። ከዚያም ክዳኑን ከፍቶ በራሱ እስኪቀዘቅዝ ማሳደር ነው።

በሁለተኛው ቀን ምጣዱ በሚገባ ይግላል፤ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግበት ጠብታው ወዲያው ጭስ ብሎ ከጠፋ ደርሷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የተፈጨ ጎመንዘር በብዛት ይነሰነስበትና በወፍራም የጥጥ ማሰሻ ከመሀል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሀል ጫን ተደርጎ ይታሻል። ጎመንዘሩ ሲያር ዘይቱ ወደ ሸክላው ቀዳዳዎች ይገባና እየደረቀ ስስ፣ ጥቁርና ልሙጥ ሽፋን ይሠራል፤ እንጀራ እንዳይዝ የሚያደርገው ይህ ሽፋን ነው። ያረረውን ጠርጎ እንደገና መነስነስና ማሸት፣ ፊቱ ጥቁርና አንጸባራቂ እስኪሆን ድረስ አምስት ስድስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። ጭሱ ስለሚበዛ መስኮት መከፈት አለበት፤ ሕፃናትም ከአካባቢው መራቅ አለባቸው። ፈሳሽ የምግብ ዘይት መጠቀም ለጊዜው የሚያቃልል ቢመስልም አልመክርም። ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀርና እንጀራውን ዘይት ዘይት ያሰኘዋል፤ ሊጡም ምጣዱን በትክክል ሳይነካ ስለሚበስል ዓይኑ ይጠፋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ጠበብ አድርጎ፣ ሊጡንም ቀጠን አድርጎ መጋገር ይሻላል። ቢይዙ እንኳ መፋቅ አያስፈልግም፤ እስኪደርቁ ጠብቆ በማሰሻ ማንሣትና ጎመንዘር መድገም ይበቃል። ከዚያ በኋላ በየእንጀራው መካከል ጥቂት ጎመንዘር ይዞ ማሰስ የዘወትር ልማድ ይሆናል። ምጣዱ ፈጽሞ በሳሙና አይታጠብም፤ ገና እንደጋለም እርጥብ ጨርቅ አይነካውም።

በቆጣሪ ማረጋገጥ

ማስታወቂያው የተናገረው እውነት መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው በግድግዳችን ላይ ያለው ቆጣሪ ነው። መጋገር ከመጀመሩ በፊት ማቀዝቀዣን የመሳሰሉ ከባድ ዕቃዎች ለጊዜው ይነቀሉና የቆጣሪው ቁጥር በወረቀት ይጻፋል፤ 20 እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ እንደገና ይነበባል። ልዩነቱ ለ20 ሲካፈል አንድ እንጀራ የፈጀው ኃይል ይገኛል። ለምሳሌ ያህል 3,500 ዋት ያለው፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው ምጣድ ለመጋል 15 ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ እንጀራ ደግሞ 3 ደቂቃ ቢወስድ፣ በጠቅላላው በ75 ደቂቃ ውስጥ 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ካገኘን ወይ ሙቀቱ ወደ ታች እየባከነ ነው፣ ወይ በእንጀራና በእንጀራ መካከል ብዙ እንዘገያለን ማለት ነው። ታሪፉ የወር ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ስለሚወደድ፣ በምጣድ ላይ የሚድነው ኃይል በብር ሲተመን ከምንገምተው በላይ ሊሆን ይችላል።

ከዚሁ ስሌት አንድ ቁም ነገር ይወጣል። ከ75ቱ ደቂቃ 15ቱ ምንም እንጀራ ሳይወጣበት የሚያልፍ ማሞቂያ ነው። በአንድ ቀን 20 እንጀራ የሚጋግር ቤት ይህን የሚከፍለው አንዴ ሲሆን፣ በየቀኑ አምስት አምስት የሚጋግር ቤት አራት ጊዜ ይከፍለዋል። ጎረቤታሞች ተነጋግረው በተራ በአንድ ምጣድ ቢጋግሩ የሚያተርፉት ይህንን ነው፤ በሰፈራችን ሦስት ቤቶች እንዲህ ማድረግ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ከመብራቱ ይልቅ መገናኘቱን እንደሚወዱት ይነግሩኛል።

ባሕር ማዶ ላሉ ወገኖች

ከአገር ቤት ምጣድ ለመውሰድ ወይም ከውጭ ለእናት ለመላክ የሚያስብ ሰው ሁሉ በቅድሚያ ቮልቱን ማየት አለበት። በአሜሪካ ተራ ሶኬት የሚሰጠው 120 ቮልት ነው። የአዲስ አበባው ባለ 220 ቮልት ምጣድ እዚያ ቢሰካ የሚሰጠው ኃይል 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሆነ ለብ ከማለት አያልፍም። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 ቮልት መጋገሪያ እዚህ በቀጥታ ቢሰካ ደግሞ ከታቀደለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስለሚገባበት ሽቦው ይቃጠላል። በስንት ናፍቆት የተላከ ስጦታ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲጨስ አይቻለሁ፤ እናትየዋም ያጠፉ እየመሰላቸው ለልጃቸው ሳይናገሩ ደብቀውት ነበር። ላኪው አስቀድሞ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ቢያነብ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ።

በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚጋግሩት ሌፍሴ ለሚባለው የኖርዌጂያውያን ስስ ቂጣ በተሠራ ባለ 16 ኢንች ክብ መጋገሪያ ላይ ነው። ኃይሉ 1,500 ዋት ቢጠጋ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነም የፊቱ ስፋት የአገር ቤቱን ምጣድ ግማሽ ያህል ነው። በመሆኑም ለእያንዳንዷ ቦታ የሚደርሰው ሙቀት ብዙም አይራራቅም፤ እንጀራው ያንሳል እንጂ ዓይኑ አይጠፋም። የማያስይዝ ቴፍሎን የተቀባ ከሆነ ጎመንዘር ማሸት አያስፈልገውም፤ ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲግል መበላሸት ስለሚጀምር ባዶውን ከመጠን በላይ እንዲግል መተው አይገባም፤ ብረት ነክ ነገርም ሊነካው አይገባም።

በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ቮልቱ 230 ስለሆነ የአገር ቤቱ ምጣድ ይሠራል፤ እንዲያውም ዘጠኝ በመቶ ያህል ኃይል ይጨምራል። በእንግሊዝና በኤምሬትስ ግን ባለ ሦስት እግሩ ስፒና በውስጡ የ13 አምፒር ፊውዝ ስላለው ከ3,000 ዋት ትንሽ ዝቅ ያለ ምጣድ ብቻ ይሸከማል። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል በሽቦ ቁራጭ ወይም በምስማር መተካት ሰው በተኛበት ቤት ላይ እሳት መተው ነውና፣ እባካችሁ፣ ማንም እንዳያደርገው። ያለው አማራጭ ዋቱ ያነሰ ምጣድ መግዛት ወይም በባለሙያ የተለየ መስመር ማስዘርጋት ነው።

ሽቦው ሲበጠስ

ጥሩ ምጣድ እንኳ አንድ ቀን ሽቦው ይበጠሳል። የአገር ቤቱ ምጣድ ትልቁ በጎነት ይህን ጊዜ ይታያል፤ ሸክላው ደኅና እስከሆነ ድረስ ሽቦው ብቻ ይለወጣል፤ ሽቦው ደኅና ሆኖ ሸክላው ከተሰነጠቀም ሸክላው ብቻ ይቀየራል። ለጠጋኙ መነገር ያለበት የምጣዱ የቀድሞ ዋት ነው፤ የተበጠሰውን ሽቦ አሳጥሮ መቀጠል ምጣዱን ሥራ ቢያስጀምረውም፣ ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው አምፒር ስለሚጨምር ከቤታችን ገመድ አቅም በላይ ሊያደርገው ይችላል። ከጥገና ሲመለስም በዱቄት መፈተንና ቆጣሪውን ማንበብ እንደ አዲስ መደገም አለበት።

ጋግረን ስንጨርስ የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ምጣዱን ማጥፋት ይቻላል፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ሁለቱን አብስሎ ይተርፋል። በተረፈው ላይ ቂጣ መጋገር ወይም የተቆራረሰ እንጀራ ነስንሶ ድርቆሽ ማድረቅ ይቻላል። ከዚያ ስፒናውን በገመዱ ሳይሆን በራሱ ይዞ መንቀልና ምጣዱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ መተው፣ ሲቀዘቅዝም ገጥሞ ማስቀመጥ ነው።